«ለሠራተኞች ብቻ»

ባለፈው ሐምሌ እማዬን ይዤ ቺካጎ እህቴ ዘንድ ሰነበትን። እማዬ የአንጀት ቁስለት አለባት፤ ሲመጣባት ፋታ አይሰጣትም። ልብስ መደብር ውስጥ ሳለን ፊቷ ተለወጠ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ «ለሠራተኞች ብቻ» ይላል። ሻጯም አይቻልም አለችን።

እህቴ ከቦርሳዋ የሐኪም ወረቀት አወጣች። በኢሊኖይ ግዛት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ አለ፤ ክሮንስ የተባለ የአንጀት ሕመም ያለባት የ14 ዓመቷ አሊ ቤይን፣ አንድ መደብር ከከለከላት በኋላ ከእናቷ ጋር ታግላ ያስወጣችው። በአቅራቢያ የሕዝብ መጸዳጃ ከሌለና ቢያንስ ሦስት ሠራተኞች ሥራ ላይ ካሉ፣ እንዲህ ላለ ሕመምተኛ በሩ ይከፈታል።

ሻጯ ወረቀቱን አንብባ ቁልፉን አመጣች። እማዬ ስትወጣ በአማርኛ መረቀቻት፤ የማትፈልገውን ሻርፕም ገዛች።