ቴኒስ በካርታ

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የሠራተኛዋ እናት ሥራ ግን አይዘጋም። የወልቂጤን የሐምሌ ዝናብ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ልጅ ከሜዳ ቀረ ማለት ቤት ዋለ ማለት አይደለም። የ12 ዓመቱ ልጄ ጎረምሶች በገንዘብ ካርታ የሚጫወቱበትን በረንዳ ማዘውተር ጀመረ። መጀመሪያ ተመልካች ነበር፤ ቆይቶ የዳቦ መልስ ይጎድል ጀመር።

ቁጣውን አባቱ ሞክሮታል። እኔ በበኩሌ ልጁን የሳበው ገንዘቡ ሳይሆን ጨዋታው ነው ብዬ ስላመንሁ፣ ሌላ ጨዋታ ልሠራለት አሰብሁ። በቴሌቪዥን እያየ የሚወደው የሜዳ ቴኒስ ነው። ራኬትና ሜዳ ከየት ይምጣ? ካርቶን ግን አለ።

40 ካርታ ቆረጥን። ከ1 እስከ 10 ያለው ቁጥር ሁለት ጊዜ በቀይ፣ ሁለት ጊዜ በጥቁር ቢክ ተጻፈ። ቀዩ የሜዳው ቀኝ፣ ጥቁሩ ግራው ነው። ለሁለቱ ተጫዋቾች 12፣ 12 ይታደላል። ጀማሪው የፈለገውን ይጥላል፤ ተቀባዩ በዚያው ቀለም ከፍ ያለ ቁጥር ይመልሳል፤ ወይም ያንኑ ቁጥር በሌላው ቀለም ጥሎ ኳሱን ወደ ሌላው ጎን ያዞራል። መመለስ ያቃተው ነጥቡን ያጣል። ቆጠራው እንደ ቴኒሱ 15፣ 30፣ 40 ነው፤ 40 ለ 40 ከሆኑ በሁለት ነጥብ መብለጥ ግድ ነው።

ካርታው ካላለቀ በቀር በአንድ ጌም መካከል አይታደልም። በመጀመሪያው ኳስ 10ሩን የጨረሰ፣ መጨረሻ ላይ በ2 እና በ3 ብቻ ይቀራል። ጉልበት መቆጠብ ማለት ይህ ነው። ጌሙ ሲያልቅ ደግሞ ሁለቱም ከዜሮ ይነሣሉ። በገንዘብ የተበላ ልጅ ያጣውን ለማስመለስ የእናቱን ቦርሳ ይፈትሻል፤ እዚህ 5 ለ 0 የተመራው እንኳ የሚያስመልሰው ዕዳ የለበትም። ስለዚህ አይናደድም አልልም፤ ይናደዳል።

ስድስት ጌም ቀድሞ ያሸነፈ፣ በሁለት ከበለጠ፣ አንድ «ሴት» ወሰደ ይባላል። ካርታ ቤት አይገባም ሲሉ የነበሩት አማቴ ይህን ሰምተው «የማንን ልጅ?» አሉ። ዛሬ ነጥቡን በባቄላ የሚቆጥሩት እርሳቸው ናቸው።

በ2002 ዓ.ም. ሰኔ ወር በዊምብልደን ጆን ኢስነርና ኒኮላ ማዩ በሦስት ቀን ውስጥ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተጫውተው የመጨረሻው ሴት 70 ለ 68 አልቋል። የእኛ ቤት ራት ያን ያህል ስለማይጠብቅ፣ 6 ለ 6 ከሆኑ ቀድሞ 7 ነጥብ በሁለት በልጦ ያገኘ ያሸንፋል።

ነሐሴ ላይ ከቡታጅራ የመጣችው የእህቴ ልጅ፣ በእውነተኛው ቴኒስ ጀማሪው የመጀመሪያውን ኳስ ከሳተ ሁለተኛ ዕድል አለው፤ ለእኛም ይሰጠን አለች። ልጄ ማጭበርበር ነው ብሎ ተቃወመ። እኔ ወደ እርሷ አደላለሁ። በረንዳው አሁንም እዚያው ነው፤ የዳቦው መልስ ግን ሙሉውን ይመጣል። ክርክሩ ለመስቀል ዘመድ ሲሰበሰብ ይታይ ተብሎ፣ ካርታው አማቴ ሙዳይ ውስጥ ተቀምጧል።