ኮሌጁ ሲዘጋ ተማሪው ወዴት ይሂድ?

ሰሞኑን የግል ኮሌጅ ነገር በተነሳ ቁጥር የምሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ድሮም ዲግሪ ሻጮች ናቸው፤ ይዘጉ!» ንዴቱ ይገባኛል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ሲሰጥ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 17 በመቶ ያህሉ ናቸው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ከ60 በመቶ በላይ አልፈዋል። ይህ የሚሸፋፈን ነገር አይደለም።

እዚህ እንዴት እንደተደረሰም እናስብ። አብዛኛው የግል ኮሌጅ ከተማሪ ክፍያ ሌላ ይህ ነው የሚባል ገቢ የለውም። ብዙዎቹ የሚያስተምሩት በኪራይ ሕንፃ ነው፤ ኪራይ ሲጨምር የሚቋቋሙበት ጥሪት የላቸውም። በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ቁጥጥሩ በ2014 ከጠበቀ ወዲህ በዚያው ዓመት ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነው። ያለፉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን እንኳ አይሞሉም። ታዲያ ለግል ኮሌጅ ማን ይቀራል?

ገቢ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚነካው መምህሩ ነው። ቋሚው ይለቅና ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው የሚሮጥ፣ በሰዓት የሚከፈለው ይተካል። የተማሪው ውጤት ይወርዳል፤ ውጤቱን ያየ ቤተሰብ ልጁን ሌላ ቦታ ይወስዳል፤ ገቢው እንደገና ይቀንሳል። ባለቤቱ ራሱ ፕሬዚዳንት፣ ራሱ ገንዘብ አዛዥ በሆነበት ግቢ ደግሞ «ይህ አያዋጣም» ብሎ የሚያስቆም ቦርድ የለም። በእኔ እምነት ትልቁ በሽታ ይሄ ነው። የገንዘብ እጥረት የትም አለ፤ ሂሳቡን ለማንም የማያሳይ ተቋም ግን ችግሩ የሚታወቀው ደመወዝ ሲቋረጥ ነው።

እኔን የምታንገበግበኝ የማታ ተማሪዋ ናት። ቀን ሠርታ፣ ከደመወዟ ቀንሳ እየከፈለች ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። ኮሌጁ ቢዘጋ የወሰደቻቸውን ኮርሶች ማን ይቀበላታል? ሬጅስትራሩ ከተቆለፈ ማርኳን ከየት ታመጣለች? የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ደካማውን መዝጋቱን እደግፋለሁ። ነገር ግን ተማሪዎቹን የሚረከብ ተቋም ሳይታወቅ፣ ማኅደራቸውም በአደራ ሳይቀመጥ በሩን ማሸግ ቅጣቱን በከፋዩ ላይ ማሳረፍ ነው።

ዘንድሮ ልትመዘገቡ ያሰባችሁ፣ ፈቃዱ ለምትማሩት የትምህርት መስክ፣ ለምትማሩበት ካምፓስ፣ ለመደበኛው ወይም ለማታው መርሐ ግብር መሰጠቱን ከባለሥልጣኑ አጣሩ። ደረሰኛችሁን አትጣሉ። የየሴሚስተሩን ግሬድ ሪፖርት ማኅተም አስመትታችሁ በእጃችሁ ያዙ።