በጅቡቲ ገበያ ያገኘናቸው ሁለት ወታደሮች

በሐሙዲ መስጊድ አጠገብ፣ የጅቡቲ ፀሐይ ገና ሳትበረታ፣ አንድ አዛውንት ነጋዴ ከጥፍር የማይበልጥ የነሐስ ሳንቲም መዳፋችን ላይ አኖሩልን። «ልጆቼ፣ የአክሱም ነው፤ የእናንተው ነው» አሉን በአማርኛ። ልባችን ወዲያው አመናቸው። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ ወዲህ በአክሱም ነሐስ ላይ መስቀል ይቀረጽ ነበርና መስቀሉን በብርቱ ፈለግን። አላገኘንም።

ባለቤታችን ግን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ፣ «እነዚህ ወታደሮች አይደሉም እንዴ?» አለች።

እውነትም ሁለት ወታደሮች ጦር ይዘው፣ ዓርማቸውን በመካከል አድርገው ቆመዋል። ይህ ከ330 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆስጠንጢኖስና ልጆቹ ያስመቱት፣ ዙሪያው በላቲን «የሠራዊቱ ክብር» የሚል የሮማ ገንዘብ ነው። ዓርማው ሁለት ከሆነ ቀደም ያለ፣ አንድ ከሆነ ከ335 ገደማ ወዲህ ነው፤ የእኛው አንድ ነበረ። አንጾኪያ ይመታ እስክንድርያ የሚናገሩት ከወታደሮቹ እግር በታች ያሉት ፊደላት ናቸው። ነጋዴው ግን እንዲያበራ ብለው በሎሚና በአሸዋ ፈትገውት ኖሮ፣ ስፍራው ልሙጥ ሆኗል። የአያት ሳንቲም በቤታችሁ ያላችሁ እመቤቶች ሆይ፣ እባካችሁ አትፈትጉት።

«አባታችን፣ የአክሱም አይደለም» ስንላቸው ቅር ሳይላቸው አልቀረም፤ ሳንቲሙን በመሐረብ ቋጥረው ኪሳቸው ከተቱት።