ሁለተኛው መሣሪያ

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ማታ፣ የ16 ዓመቷ ልጃችን ስልኳን ይዛ ከሰሉ ዳር ወደ ተቀመጥንበት መጣች። የጉና ብርድ በበሩ ሥር ይገባ ነበር። «ይሄ ላፕቶፕ የእናንተ ነው አይደል?» አለችን። ያሳየችን ቴሌግራሟ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ነው። አንደኛው የእሷ ስልክ ነው። ሁለተኛው የእሁድ ስብከት የሚዘጋጅበት የቤታችን ላፕቶፕ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መልእክቶቿን ስናነብ ነበር። ፀጉሯን ልትሠራ ጎረቤት በሄደችበት ከሰዓት ስልኳ እኛ ዘንድ ቀረ። የይለፍ ቁጥሩን እናውቅ ነበርና ከፍተን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘነው። ቴሌግራም «አዲስ መሣሪያ ገብቷል» ብሎ ሲያስጠነቅቃት መልእክቱን አጠፋነው። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፤ ሌባ ዱካውን የሚያጠፋው እንዲሁ ነውና።

የተወደዳችሁ ወላጆች፣ ያደረግነው ከፍርሃት የተነሣ ነው። ገሳይ ትንሽ ከተማ ናት፤ የወንጌል አማኞችም ጥቂት ነን። ልጃችን የምትታወቀው በስሟ ሳይሆን «የፓስተሩ ልጅ» በመባል ነው። ቲክቶክ ላይ ሌሊት የሚደረገው የሃይማኖት ክርክር፣ ስድቡም ጭምር፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ይደርሳል። እሷም አንድ ቀን አስተያየት ጽፋ ሌሎች ተማሪዎች ከበዋት አልቅሳ መጣች። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረንም።

መከልከልማ ሞክረናል። ግን እነዚህ ልጆች ክልከላን ማለፍ ከእኛ ቀድመው ነው የተማሩት። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው ለአምስት ወር ያህል ሲቆዩ፣ ስልካችን ላይ ቪፒኤን የጫነችልን ይህችው ልጅ ናት። የጸሎት ቡድናችን በቴሌግራም ነበርና መርቀናታል! በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ለዚህ አንድ ነገር ብቻ በልባችን እፎይ ብለን ነበር፤ በጌታ ፊት የምንናዘዘው ነው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ግን ልጅነቷ አብሮ አልተመለሰም።

አሁን ትልልቅ አገሮችም በዚሁ ጉዳይ ተጨንቀዋል። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በቲክቶክ፣ በፌስቡክና በመሰሎቻቸው አካውንት እንዳይኖራቸው በሕግ ከልክላለች። ቲክቶክም የወላጅንና የልጅን ስልክ በግልጽ፣ ልጁ እያወቀ፣ የሚያገናኝበት መንገድ አለው። እኛ የመረጥነው ግልጹን አልነበረም።

ታዲያ ምን አገኘን? አብዛኛው የቤት ሥራ፣ መዝሙርና ሳቅ ነበር። ሁለት ነገሮች ግን ከዚያ የተለዩ ነበሩ። አንደኛ፣ ለጓደኛዋ የጻፈችው፦ «አባቴ ትዕግሥት ያለው እሁድ ብቻ ነው።» ይህን አንብበን ለረጅም ጊዜ ዝም አልን፤ ከሁለታችን ሰባኪ ያልሆነችው ቀስ ብላ «እውነቷን ነው» አለች።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ የማናውቀው ሰው «እህቴ በጌታ» እያለ ይጽፍላት ጀመር። አዲስ አበባ ሥራ አገኝልሻለሁ አለ፤ ቀጥሎ ፎቶ ላኪልኝ አለ። ሁለት ጊዜ መለሰችለት። እኛ ከላፕቶፑ ፊት ተቀምጠን እያነበብን ነበር። ብንናገር መሰለላችን ይታወቃልና ምን እንደምታደርግ ስንጠብቅ ሦስት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ራሷ ብሎክ አደረገችው።

በዚያ ቅዳሜ ማታ «ስለ ሰውዬው ለምን አልነገርሽንም?» አልናት።

«ስልኬን እንዳትወስዱብኝ ነዋ» አለች። ቀጥላም «እናንተስ ካነበባችሁ ለምን ዝም አላችሁኝ?» ብላ ጠየቀችን።

መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም።

ሥነ መለኮት ኮሌጅ ሉቃስ ምዕራፍ 2 ሲሰጥ ትኩረቱ ሁሉ የ12 ዓመቱ ኢየሱስ በመምህራን መካከል መቀመጡ ላይ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ወላጆቹን አየናቸው። ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሏቸው አንድ ቀን ሙሉ ተጓዙ፤ ከዘመድ ከወዳጅ መካከል ፈለጉት፤ ኢየሩሳሌም ተመልሰው ከሦስት ቀን በኋላ አገኙት። ማርያም ጭንቀቷን ፊት ለፊት፣ ሰዎች እየሰሙ ነገረችው። የመለሰላቸውን አላስተዋሉትም፤ ሆኖም አልተደበቁበትም። የእነርሱ ሦስት ቀን የፍለጋ ነበር፤ የእኛ ሦስት ቀን የመደበቅ።

በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። በፈረንጆቹ 1860ዎቹ ወንጌልን ይዘው የመጡ ሚስዮናውያን እዚያ ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ሲያቀልጡ ኖሩ። በመንገዱ ባለፍን ቁጥር «ወንጌላዊ እንዴት መድፍ ቀላጭ ይሆናል?» እያልን እንገረም ነበር። አሁን ብዙም አይገርመንም።

ላፕቶፑን እያየች ከቴሌግራሟ አወጣነው፤ ይቅርታም ጠየቅናት። አያቷ ይህን ሰምተው «ልጅ ደግሞ ይቅርታ ይጠየቃል እንዴ?» ብለው ተቆጡን። ልጃችንም ወዲያው አልፈታችልንም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ከ«እሺ» እና ከ«አይ» ሌላ ቃል አልወጣትም። የቤተሰብ ጸሎት ላይ ትቀመጣለች፣ «አሜን» ግን አትልም።

ከዚያ በኋላ ተነጋግረን ጥቂት ነገር ተስማማን። ማታ 3 ሰዓት ላይ የሁላችንም ስልክ፣ የፓስተሩም ጭምር፣ ሳሎን መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል። የማታውቀው ሰው ከጻፈላት ታሳየናለች፤ ስላሳየችን ስልኳ አይወሰድም። ደንቡን መጀመሪያ ያፈረሰው ማን እንደሆነ ብትገምቱ ትክክል ናችሁ፤ «ለቅሶ ቤት ሊደወልልኝ ይችላል» የሚል ምክንያት ነበረው።

ባለፈው ሳምንት ድንች ስንልጥ መጥታ አጠገባችን ቆመች። «እዩት፣ ይሄ ደግሞ ጻፈልኝ» ብላ ስልኳን አዞረችልን። ሌላ ሰው ነው፤ ያው «እህቴ በጌታ» የሚለው ቃል። አብረን አነበብነው፣ ራሷ ብሎክ አደረገችው። ሌሎችም መልእክቶች ከላይ ተደርድረው ይታዩ ነበር። ዓይናችን ወደዚያ ሲሄድ አየችን፤ ስልኳን ኪሷ ከትታ ቢላዋ አንሥታ ድንቹን መላጥ ጀመረች።