ኩንታል በወገብ አይነሳም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ሞተር ሳይክል ስለማቆም ነው። «ሐኪም ስለ ሞተር ምን አገባት?» እንዳትሉኝ። ነገሩ የወገብ ነው፤ ጥፋቱም በከፊል የእኔ ነው።

ለቡ መብራት ኃይል፣ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖር ጎረቤት አለን። በሞተር ዕቃ እያደረሰ ሁለት ልጆች የሚያሳድግ አባት ነው። ማታ ሲገባ ሞተሩን በመሃል ስታንዱ ለማቆም ይታገላል። ጎንበስ ብሎ፣ የኋላ መያዣውን ጨብጦ፣ ወገቡን ጠምዝዞ ወደ ላይ ይስበዋል። ከበረንዳ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ምንም አላልኩትም።

አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ ተገናኘን። «ዶክተርዬ፣ ትናንት ሞተሩን ሳነሳ ወገቤ ቋ አለብኝ» አለኝ። ወደ ሥራ እየሮጥኩ ስለነበር «አይዞህ፣ ይተውሃል» ብዬው አለፍኩ። ለማንኛውም ታካሚ የማቀርባቸውን ጥያቄዎች ለእሱ አላቀረብኩለትም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ባለቤቱ በራችንን አንኳኳች። «ወጌሻም አሸው፣ አልተሻለውም። ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ ሽንቱ እምቢ ብሎታል። አንቺን አፍሮ ነው ያልነገረሽ» አለችኝ። ሄጄ ስመረምረው መቀመጫውና ጭኖቹ መካከል ደንዝዘዋል፣ እግሮቹም ዝለዋል። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገባ፤ ኤምአርአይ ተነሳ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዛሬ ይራመዳል፣ ሽንቱም ተስተካክሏል። ግራ እግሩ ግን አሁንም ይደነዝዘዋል።

ምን ሆኖ ነው? በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ አለ። ጎንበስ ብለንና ተጣምመን ከባድ ነገር ስናነሳ ይህ ትራስ ከቦታው ሊወጣና ነርቭ ሊጫን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው አንድ ነርቭ ነው፤ ሕመሙ ወደ አንድ እግር ይወርዳል፣ በሳምንታት ውስጥም እየቀለለ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ግን ወደ ሽንት፣ ሰገራና ሁለቱም እግሮች የሚሄዱትን ነርቮች በአንድ ላይ ይጫናል። ያኔ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ወጌሻን መናቄ አይደለም፤ የተጫነን ነርቭ ግን እሽት አያስለቅቀውም።

ስለዚህ ወገቡን የታመመ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ እኔ ያልጠየቅኩትን እናንተ ጠይቁ፦

ሽንት ቤት ስትቀመጥ መቀመጫህ ይሰማሃል? ሽንትህ እንደ ወትሮው ይመጣል? ሰገራ ያመልጥሃል? እግሮችህ ዝለዋል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ አዲስ ከሆነ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

እነዚህ ከሌሉ አትሸበሩ። አልጋ ላይ ተኝቶ መክረም አይጠቅምም፤ አቅም በፈቀደ መጠን መንቀሳቀስ ይሻላል። የሕመም ማስታገሻም ቢሆን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው ሳይጠይቅ አይውሰድ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ሰፈራችን ውስጥ የምናያቸው አብዛኞቹ ሞተሮች ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። አንድ ኩንታል ጤፍ በሉት። ኩንታል ጤፍ ብቻውን ጎንበስ ብሎ የሚያነሳ ማን አለ? የመሃል ስታንድ የተሠራውም በእግር እንዲረገጥ ነው።

መጀመሪያ ጭነቱን አውርዱ። ደረቅና ደልዳላ መሬት ምረጡ፤ ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የፊት ጎማው ቀጥ ይበል። በግራ በኩል ቁሙ፤ ግራ እጅ መሪውን፣ ቀኝ እጅ የኋላ መያዣውን ይያዝ። ስታንዱን በቀኝ እግር ዝቅ አድርጋችሁ ሁለቱም እግሮቹ መሬት መንካታቸውን አረጋግጡ። ከዚያ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ስታንዱ ላይ ቁሙበት። ሞተሩ በራሱ ወደ ኋላ ይወጣል፤ እጃችሁ ይመራዋል እንጂ አይሸከመውም። ከከበዳችሁ የኋላ ጎማውን ስስ ጣውላ ላይ አውጡት፣ ይቀላል። መውደቅ ከጀመረ ልቀቁትና ሽሹ፤ ሞተር ይጠገናል።

ወላጆች፣ በዚያ ሰዓት ልጆች «አባባ መጣ!» ብለው ነው የሚሮጡት። የሚወድቅ ሞተርም የጋለ ማርሚታም እዚያው ነው። ሞተሩ ቆሞ እስኪበርድ ድረስ ልጆቹ ቤት ይቆዩ። ማርሚታ ካቃጠላቸው ቁስሉን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ አጥቡት፤ የጥርስ ሳሙናም ቅቤም አትቀቡት።

ጎረቤቴ ገና ወደ ሥራ አልተመለሰም። ሞተሩን አሁን ታናሽ ወንድሙ ይዞታል። ባለፈው ማታ ሲገባ ከበረንዳዬ ወርጄ አሳየሁት፤ በእግሩ ረገጠው፣ ወጣለት። ጎረቤቴ በር ላይ ቆሞ አየና «ይህችን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለኝ፣ እየሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ለዚህ ነው ለእናንተ የጻፍኩት። ሞተር ለሚነዳ ወዳጃችሁ አጋሩለት።

ጤና ይብዛላችሁ።