የአጎቴ ቴስተር

ያለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉን ሳዞር ቪትዜ «ጠቅ» ብላ ዝም አለች። ዝናቡ ገና አላባራም። የሰፈር ልጆች ኮፈኑ ተከፍቶ ሲያዩ ማንም ሳይጠራቸው ከየበሩ ወጥተው ከኋላ ተደረደሩ። አውቶማቲክ መሆኗን እስክነግራቸው ድረስ ሃያ ሜትር ያህል ቁልቁል ገፍተዋታል። አውቶማቲክ ማርሽ ያላት መኪና በግፊያ አትነሳም፤ ስለዚህ ያችኑ ሃያ ሜትር ዳገቱን መልሰን ገፋናት። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሁለተኛ ባትሪዬ መሆኑ ነበር።

የመጀመሪያውን ያስቀየረኝ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንዴ አይቶ፣ «ባትሪው ሞቷል» አለኝ። አመንኩት። ምን ብዬ ላላምነው? እሱ እጁ በግራሶ የጠቆረ ባለሙያ፣ እኔ ኮፈን ለመክፈት የትኛውን እንደምስብ ለማወቅ ሦስት ጊዜ የምሞክር ባለ መኪና ነኝ።

ያን ቀን ግን መካኒክ ከመጥራቴ በፊት አጎቴ መጡ። ጋሽዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። በፌስታል የተጠቀለለች ቢጫ ቴስተር፣ የቮልት መለኪያ፣ ከካፖርታቸው ኪስ አወጡ። ቀዩን ዘንግ ፖዘቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቩ ላይ አስደግፈው፦

«አንብብልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

«11.8።»

«ተርቧል እንጂ አልሞተም።»

ከጎረቤት መኪና ጋር በገመድ አገናኝተን አስነሳናት። ሞተሩ እየሠራ እንደገና ለካን። 14.1 አለ፤ ወዲያው 12.3 ወረደ፤ ከዚያ 14.0። ጋሽዬ ሳቁ። «ዲናሞው አንዴ ያጎርሰዋል፣ አንዴ ይነፍገዋል። ባትሪ ብትለዋውጥ እሱም ይራብና ይሞትብሃል።» ዲናሞው ሲፈታ ካርቦኑ አልቆ ተገኘ። ካርቦን ማለት ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ቁራጭ ናት፤ ዋጋዋን ከአንድ ባትሪ ጋር ማወዳደር ራሱ ያሳፍራል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የባትሪ ምልክት አልፎ አልፎ ብልጭ ትል እንደነበር ትዝ ያለኝም ያኔ ነው። አይቻት ነበር፤ ትጠፋ ስለነበር ተውኳት።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ነው። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ቤት ውስጥ ለመኪናዬ ምን ዕቃ ልግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደኔ መፍቻ ለመግዛት እንደሚጣደፍ ገብቶኛል። እኔም የመጀመሪያ ግዢዬ ከመቶ በላይ ቁራጭ ያለው፣ ሲከፈት የሚያብለጨልጭ ትልቅ የመፍቻ ሳጥን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሻንጣው አልወጣም። ቪትዜም ሆነች የጎረቤቴ ኮሮላ አብዛኛውን ሥራ በ10፣ በ12 እና በ14 ቁጥር ትጨርሳለች፤ የጎማው ብሎን 21 ነው። የባትሪው ማሰሪያ 10፣ የዘይት ማፍሰሻው 14። ሦስት መፍቻ፣ አንድ የጎማ መፍቻ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ። ቀሪው ሳጥን ጌጥ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ሞተሪኖ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. መጥቶ የተባረረው ወራሪ ከጋራዥ ቋንቋችን አልወጣም። ጣሊያን አገር ሄዳችሁ ካቻቢቴ ብትሉ ዕቃው ይቀርብላችኋል። የመለኪያዎቹ ስም ግን በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፦ ቴስተር፣ ጌጅ፣ ስካነር። ዘግይተው ነው የመጡት። መፍታትና ማጥበቅ ቀድሞ ገባ፣ መለካት ኋላ፤ እስከ ዛሬም በብዙዎቻችን ሳጥን ውስጥ መለኪያ የለም። እኔ ለወዳጄ የመለስኩለት ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ የምታነብበት ዕቃ ግዛ፣ የምትፈታበትን ቆይ።

ቴስተር ርካሽ ነው፤ መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ አለ። መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ካደረች በኋላ ጠዋት፣ ሳትነሳ ለኩ። 12.6 ቮልት እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ገደማ። ከ12 በታች ባዶ ሊሆን የተቃረበ። ከተነሳች በኋላ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። 12 ላይ ተኝቶ ከቀረ ዲናሞው አይሞላም፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ ከልክ በላይ እየሞላ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። ከዚህ ሌላ መማር ያለባችሁ ነገር ቢኖር የገመዱ ቅደም ተከተል ነው። ቀዩ ገመድ መጀመሪያ በደከመው ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጫፍ በደህናው ፖዘቲቭ፤ ጥቁሩ በደህናው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻው ጫፍ ግን ባትሪው ላይ ሳይሆን በደከመችው መኪና ሞተር ላይ ቀለም በሌለበት ብረት። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ የመጨረሻው ግንኙነት ብልጭታ ስለሚፈጥር ከባትሪው ራቅ ብሎ ይፈጠር ነው ነገሩ።

ሁለተኛው መለኪያ የጎማ ጌጅ ነው፤ እዚህ ላይ ጋሽዬ ሲጀምሩ አያቆሙም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ያለው አየር የሚጫነን 11 ፒኤስአይ ገደማ ሲሆን አሰብ ወይም ጅቡቲ ላይ 14.7 ነው። ጌጅ ደግሞ የሚያሳየው ጎማው ውስጥ ባለውና ውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ 33 አስሞልታችሁ በዚያው ሙቀት ባሕር ዳርቻ ብትደርሱ ጌጁ 29 ገደማ ያነብባል፤ አንዲት ትንፋሽ አየር ሳይወጣ። ሙቀቱ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። በየአምስትና ስድስት ዲግሪው አንድ ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። የአዲስ አበባን ብርድ ትቶ አፋር በረሃ የገባ ጎማ ቁልቁለቱ የወሰደበትን ሙቀት ይመልስለታል ማለት ነው። አጎቴ ይህን በፊዚክስ አልተማሩትም። «ባደርክበት ለካ» ነው የሚሉት፦ ጠዋት፣ ሳትንቀሳቀስ፣ ባደርክበት ከተማ። ጎማ ሞቆ ሳለ በዛ ብሎ አየር ያስተነፈሰ ሰው ማታ ሲበርድ ጎሎ ያገኘዋል። የጎደለ ጎማ ደግሞ ከሞላው ይብስ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ይፈነዳልም።

ስንት ይሁን? የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ከጃፓን በቀጥታ የገቡት ላይ ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፣ ቁጥሩም በኪሎ ፓስካል፤ 220 ካለ 32 ፒኤስአይ ማለት ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም። ይህን ያልኩት አንድ ጎሚስታ ያንን አንብቦ ሞልቶልኝ ለሳምንት እንደ በቅሎ ስለዘለልኩ ነው።

ጎሚስታ ካነሳሁ አይቀር፣ ብሎን አጠባበቅን ልናገር። ቪትዝና ኮሮላ የጎማ ብሎናቸው መጥበቅ ያለበት 103 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በሠላሳ ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው፤ ደህና አድርጎ የገፋ ክንድ ይበቃል። እኛ ግን ቱቦ አስረዝመን በሁለት እግራችን እንቆምበታለን። ሰባ ኪሎ ሰው ግማሽ ሜትር ቱቦ ላይ ሲቆም ከሚፈለገው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ብሎኑ ይለጠጣል፣ ጥርሱ ይበላል፤ መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስ ደግሞ የሚፈታው ይጠፋል። ልክ የሚያሳየው መፍቻ፣ ቶርክ ሬንች የሚሉት፣ ውድ ነው። አራት አምስት ጎረቤት ተዋጥቶ አንድ ይግዛ። የኛ ግቢ አንድ አለን፤ እንደ ዕድር ድንኳን በየቤቱ ይዞራል።

ክሪክ ላይ ግን ቀልድ የለኝም። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ክሪክ የተሠራው ጎማ ለመቀየር ብቻ ነው። ከሥሩ ለመግባት አይደለም፤ «አንዴ ላየው» ብሎ ጭንቅላትን ለማስገባትም አይደለም። መሬቱ አፈር ከሆነ ይሰምጣል፣ ዳገት ከሆነ ይጋደላል። ከሥር መግባት ካለባችሁ መኪናዋ የምታርፍበት መደገፊያ የብረት እግር ያስፈልጋል፤ ብሎኬት አይሆንም፣ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይደረመሳል። ከዚያ በፊት ደግሞ ታኮ። ጋሽዬ ረዳታቸውን ይመርጡ የነበረው፣ ይላሉ፣ መኪናው ቆሞ ሳይጨርስ ታኮ ይዞ በመዝለሉ ነው። ወሬኛ ቢሆን፣ ሰነፍ ቢሆን ግድ አልነበራቸውም። ታኮ የረሳ ግን በማግስቱ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር። ዛሬም የኔን ቪትዝ ሜዳ ላይ አቁሜ ሳለ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ያደርጋሉ። አልከለክላቸውም።

የራዲያተር ክዳንም መለኪያ ባይሆንም እዚህ ይግባ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው ግድም። ውሃው የማይፈላው ክዳኑ አፍኖ ጫና ስለሚፈጥርበት ነው። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ቆላ ላይ ቢያዘግምም ደጋ ላይ ቶሎ ያጋልጣል። ሰው ራዲያተር ከማስቀየሩ በፊት ክዳኑን ቢቀይር ደግ ነው። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን እጃችሁን አታሳርፉበት።

ስካነሩን አሳጥራለሁ። ከመሪው ሥር የምትሰካ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትነጋገር ትንሽ ነገር ናት። አሜሪካ ለሚሸጡ መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ መሰኪያው ግዴታ ሆኗል፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩት ግን አንዳንዶቹ መሰኪያው ኖሮ እንኳ አይመልሱም። ስለዚህ ሳትገዙ በሰው ስካነር ሞክሩ። ኮዱም ፍርድ አይደለም። ፒ0300 ካለ ሲሊንደሮቹ እያጎደሉ ይነዳሉ ማለት ነው። ካንዴላ ይሁን፣ ኮይል ይሁን፣ ነዳጅ ይሁን አይነግራችሁም። ኮዱን አይቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው፣ እኔ ባትሪ እንደገዛሁት ነው።

መካኒኮችን እየነቀፍኩ አይደለም። ሶማሌ ተራ አካባቢ ሞተር ሲንተከተክ በጆሮው ብቻ ሰምቶ «ሁለተኛው ሲሊንደር» የሚል ሰው አይቻለሁ፤ ተፈትቶም ልክ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ጆሮ የትም መደብር አትገዙትም። ግን እኔ ያ ጆሮ የለኝም፣ የሚጠራልኝም ሁሌ እሱ አይሆንም። አሁን ጋራዥ ስገባ «ትንሽ አመማት» አልልም። «ቆማ 12.5፣ ተነስታ 14.2፣ ማታ መብራት ስታበራ 13.1 ትወርዳለች» እላለሁ። አንዱ መካኒክ ተቀየመኝ፤ «አንተው ሥራው እንግዲህ» አለኝ። ሌላው መፍቻውን አስቀምጦ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ወዲህ የምሄደው እዚያ ነው።

ባለፈው እሑድ ከፊት ለፊታችን ያለው ጎረቤት መጣ። ቤንዚንና ናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ከገዙት አንዱ ነው፤ አዲስ፣ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና። በሩ አልከፈት ብሎታል። «ትናንት ማታ ሰማንያ ፐርሰንት ነበር እኮ!» ሪሞቱ ውስጥ ያለችውን የብረት ቁልፍ አውጥቶ ከፈተው። ብርቱካናማውን ገመድ እንዳይነካ አስጠነቀቅኩት፤ እሱ የትልቁ ባትሪ መስመር ነው፣ በመቶዎች ቮልት የሚቆጠር፣ ገዳይ። እነዚህ መኪኖች ግን በርና መብራት የሚያስነሳ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪም አላቸው፤ ጋሽዬ ከበረንዳው ወርደው፣ ከኮፈኑ ሥር እሱን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። ዲናሞውን በዓይናቸው ፈለጉ።

«የት ነው?»

«የለውም ጋሽዬ። ትልቁ ባትሪ ነው ትንሹን የሚሞላው።»

ዝም ብለው አሰቡት። ከዚያ ፌስታሉን ፈቱና ዘንጎቹን አስደገፉ።

«አንብብልኝ።»

«11.1።»

«ይሄማ ያው የኛው ነው» አሉና ጎረቤቱን ገመድ እንዲያመጣ ላኩት።