«አላውቅም» ማለት የፈራሁበት ቀን

ዛሬ የቆየ ዕዳ ልከፍል ነው።

ከዓመታት በፊት ፊዚክስ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ፀሐይ የሬድዮ ሞገድም ትልካለች ብለውናል። እሱን ብቻ ለክተን በየሰከንዱ የምትረጨውን ጠቅላላ ጉልበት ማወቅ እንችላለን?» አለኝ። በዲፕሎማ ሃይስኩል የማስተምር ሰው ነኝ፤ «አላውቅም» ካልኩ የምናቅ መሰለኝ። «አዎ፣ በቀላሉ!» ብዬ አለፍኩት። ደወሉ ገላገለኝ።

ያ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰሞኑን «ቲቸር፣ ያኔ የነገሩን ልክ አይመስለኝም» ብሎ ጻፈልኝ። ደነገጥኩ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። እውነቱን ነው።

ካናዳ ውስጥ አርተር ኮቪንግተን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1947 የፀሐይን የ10.7 ሳንቲ ሜትር የሬድዮ ሞገድ በየቀኑ መለካት ጀመረ። ልኬቱ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ ስትረጋጋ ቁጥሩ 70 አካባቢ ይሆናል፣ ስትነቃ ደግሞ ከ200 ያልፋል። ጠቅላላ ጉልበቷ ግን የሚለዋወጠው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው! ዋናው ጉልበት የሚወጣው በዓይን ከሚታየው ገጿ ነው፣ በብርሃንና በሙቀት። ሬድዮው ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ካለው ስስና እጅግ ግለት ካለው ሽፋኗ ይመጣል፣ መጠኑም ኢምንት ነው። ወፍጮ ቤት ደጅ ቆማችሁ ድምፁን ብትሰሙ ሞተሩ መጨነቁን ታውቃላችሁ። ስንት ኩንታል እንደተፈጨ ግን ከድምፁ አትነግሩኝም።

ታዲያ በምን ይለካል? እዚሁ ሲሪንቃ ግቢዬ ውስጥ ሞከርኩት። አፉ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ውስጡን ጥላሸት የቀባሁት ድስት፣ 1 ሊትር ውሃ፣ ቴርሞሜትርና የቀትር ፀሐይ። በ10 ደቂቃ 5 ዲግሪ ሞቀ። ሲሰላ በካሬ ሜትር 700 ዋት ገደማ። ከከባቢ አየር በላይ በሳተላይት የሚለካው 1361 ነው፤ የቀረውን አየሩ፣ ንፋሱና የእኔ ድስት በሉት። 1361ን፣ ከፀሐይ እስከኛ ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ራዲየስ ባደረገ ሉል ስፋት ስታባዙት 3.8 × 10²⁶ ዋት ይመጣል።

አንተ ልጅ፣ ይቅርታ። ጥያቄህ ከመልሴ ይበልጥ ነበር። ያኔ ክፍል የነበራችሁም «አዎ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰርዙልኝ። ድስቱን የሚሞክር ካለ ውጤቱን ኮሜንት ላይ ያስቀምጥልኝ። ብቻ የራሳችሁን ድስት ተጠቀሙ፤ ባለቤቴ እስካሁን አኩርፋለች 😀